ተራራውን ማን ቦረቦረው?

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ከተሰበሰበ ወዲህ የሚወራው በአብዛኛው ስለ ደራሲው ዕጣ ነው። አይፈረድም፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። ዳሩ ግን በኀዘኑ ብዛት መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ መመርመር ችላ ብለናል።

ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። የስብሰባውን ወግ፣ የመግለጫውን አጻጻፍ፣ የአለቆቹን ፊት ጠንቅቆ ያውቃል። እዚህ ላይ በዓሉን የሚስተካከለው የለም፤ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ ይህንኑ ሥራ ሠርቷልና። ወደ ናቅፋ ሲወጣ ግን ዓይኑ የአጥቂው ዓይን ይሆናል፤ ከታች ወደ ላይ ያያል። ተራራው ይተኩሳል፤ የቦረቦረው ሰው ግን መልክ የለውም። ሻዕቢያ ከ1971 ዓ.ም. ማፈግፈግ በኋላ ያንን አለት ፈልፍሎ ከምሽግ አልፎ ከመሬት በታች መሥሪያና መኖሪያ አበጅቶበታል። የስለላው ታሪክ ልብ ስለሚሰቅል፣ አንባቢ ሽንፈቱን በክህደት ብቻ ሊፈታው ይዳዳዋል። የዶማው ድርሻ ይቀራል።

(በነገራችን ላይ «ኦሮማይ» እንደ ካዛንቺስ ሁሉ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል ነው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ከስንቱ አፍ እንደወጣ መገመት አያዳግትም።)

በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ «ከኮረብታ 60 ሥር» ልንለው የምንችለው የአውስትራሊያ ፊልም ያንን ቆፋሪ መሐል ላይ ያቆመዋል። ኦሊቨር ዉድዋርድ የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂግ ውስጥ ከጀርመኖች ምሽግ ሥር ዋሻ የሚቆፍር ጦር መኮንን ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. ሜሲን ላይ ከፈነዱት 19 ፈንጂዎች የኮረብታ 60ዎቹን የለኮሰው እርሱ ነው። የፊልሙ የፍቅር ትዝታ አሰልቺ ነው፤ ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር የለም። ጭቃው ውስጥ ጆሮ ተደቅኖ የጠላትን ዶማ የሚያዳምጥበት ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። የዶማው ድምፅ ሲቆም፣ ጠላት ሥራውን ተወ ወይስ ድማሚቱን እያጨቀ ነው? ይህን ፍርሃት ሙያው የሌለው ደራሲ ከራሱ አያፈልቀውም።

በዓሉ የሚያውቀውን ጻፈ፤ ዋጋውንም ከፈለ። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣው ትርጉም ልብ ወለዱን ለሌላው ዓለም አድርሶታል። በናቅፋ ገደል የቆፈረው ታጋይና ከታች ፈንጂ እየነቀለ መንገድ የከፈተው የመሐንዲስ ጦር ወታደር ግን፣ ሁለቱም በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እንደ ጸጋዬ ያለ ተራኪ ይገባቸዋል።