ደጃፉን የዘለለ የንባብ ዝርዝር

እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በናይሮቢ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይቅር ብለው ሲጽፉ፣ ሼክስፒር ይባረር ማለታቸው አልነበረም። ጥያቄያቸው መሀሉን ማን ይያዝ የሚል ነበር። አፍሪካ ከመሀል ትቀመጥ፤ ሌላው ከእርሷ አንጻር ይታይ ነው ያሉት።

ጥያቄው ወደ እኛ ሲመጣ መልኩን ይለውጣል። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ብዝኀነት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ከሼክስፒር ጎን አቼቤንና ሾይንካን ማሰለፍ ነው። መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ የመጣ ተማሪ የኡሙኦፊያን መንደር ወግ አጥንቶ፣ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ የሚወጡትን ፊታውራሪ ሳያውቅ ቢመረቅ ትምህርቱ ጎድሏል። ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ ጽፎ በሃይነማን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ «ዘ አፈርሳታ»ን በ1969 አውጥቷል፤ ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማግኘት የሚጠራውን ሸንጎ፣ አውጫጭኝን የሚያውቅ የጎጃም ልጅ ለመረዳት አይቸገርም።

የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛም በ1975 «ዲፋያንስ»ን አሳትሟል። በእርግጥ ይህ መጽሐፍ በአማርኛ የምናውቀውን የአቤን የብዕር ስለት አያሳይም። ታዲያ ለምን ይነበብ? ከዳኛቸው መጽሐፍ ጎን ስናስቀምጠው ነው ጥቅሙ የሚታየው። ሁለቱም አንድ ያረጁ ፊታውራሪ አቁመዋል። በዳኛቸው ዘንድ ፊታውራሪው የሚሞት ሥርዓት ናቸው፤ በአቤ ዘንድ ግን ለጣሊያን ያልተንበረከከ ክብር። በሁለት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ የባዕድ ቋንቋ፣ ስለ አንድ ማዕረግ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ! ለክፍል ክርክር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ይህ ማለት ለየአገሩ ልጅ ኮታ ይመደብ ማለት አይደለም። ደራሲ በትውልድ ቀዬው ከተመረጠ ሥራው ሳይመዘን ይቀራል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም የሚነበቡት የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ ስለሆኑ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሚዛን ስለሚደፋ ነው። ወደ እንግሊዝኛም ስለተመለሰ፣ ተማሪው ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ይዞ ትርጉሙ የት እንደተሳካ፣ የት እንደከሸፈ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ይህን ፍርድ ከለንደን ምሁር ይልቅ እርሱ ይችለዋል።

የእንግሊዝኛ ምሩቅ ብዙውን ጊዜ መምህር ይሆናል። ዛሬ ያላነበበውን ነገ አያስነብብም።