የመንፈስ ሽባነት በጄምስ ጆይስ «የደብሊን ሰዎች»

አየርላንዳዊው ደራሲ ጄምስ ጆይስ «የደብሊን ሰዎች» የተባለውን የ15 አጫጭር ታሪኮች መድበል ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. ነው። «ሽባነት» የሚለው ቃል ገና በመጀመሪያው ታሪክ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ሐያስያንም ይህን ቃል ይዘው፥ የመድበሉን ሰዎች ሽባ ያደረጓቸው ከተማቸው፥ ቤተ ክርስቲያናቸውና ድህነታቸው ናቸው ይላሉ።

ይህ አስተያየት ለኤቭሊን ይስማማል። የ19 ዓመቷ ልጅ ከመርከበኛው ከፍራንክ ጋር ወደ ቦነስ አይረስ ለመኰብለል ወደብ ድረስ ከሄደች በኋላ የብረቱን አጥር ጨብጣ ትቀራለች። የያዛትን ግን እናውቃለን፤ ቤቱን እንዳትበትን ለሟች እናቷ የገባችው ቃል አለ፥ የምታሳድጋቸው ሁለት ሕፃናት አሉ፥ ቍጡ አባትም አለ። ለሟች የተሰጠ ቃል በኛም አገር ቀላል ነገር አይደለምና እርስዋን ፈሪ ብሎ ማለፍ ይከብደናል።

ነገሩ የሚጠነክረው «አሳዛኝ ጉዳይ» በተባለው ታሪክ ነው። ሚስተር ዳፊ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነው። የሚያስጨንቀው ቤተሰብ የለውም፥ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፥ መጻሕፍቱን እንደ መጠናቸው ደርድሯል፥ የጀመረው የጀርመን ቴአትር ትርጕምም በጠረጴዛው ውስጥ ተቀምጧል። በኮንሰርት የተዋወቃት ባለትዳር ሴት፥ ሚስስ ሲኒኮ፥ አሳቡን እያዳመጠች ትወዳጀዋለች፤ አንድ ቀን እጁን ይዛ ጕንጯ ላይ ባሳረፈች ጊዜ ግን ወዳጅነቱን ይቈርጣል። ከ4 ዓመት በኋላ በባቡር አደጋ መሞቷን ከማታ ጋዜጣ ያነባል። አስቀድሞ የሚሰማውም ኀዘን ሳይሆን መጸየፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን የዚህ ሰው አንድ ትንሽ ልማድ ነው። አልፎ አልፎ ስለ ራሱ በልቡ አጭር ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ በዚያም ውስጥ ራሱን «እሱ» ይለዋል፥ ግሡም ኀላፊ ጊዜ ነው። (ሰዋስው በዚህ መጠን ሲያስፈራ አይተን አናውቅም።) በሕይወት ያለ ሰው ስለ ራሱ እንዳለፈ ሰው ያወራል ማለት ነው።

እንግዲህ ከተማውንና ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ መውቀስ እዚህ ላይ አይበቃም። ዳፊ ማንበቡና ማሰቡ ነፃ አላወጡትም፤ ይልቁንም ከሰው የሚለየውን ግንብ የሠራው በእነርሱ ነው። ለኤቭሊን መራራት ለኛ ለተማሪዎች አያስቸግርም፤ ዳፊ ግን እንደኛው የመጽሐፍ ሰው ነው።

ሚስስ ሲኒኮ በልቧ ያለውን ደራሲው እምብዛም አይገልጥልንም ብለው የሚነቅፉ ይኖራሉ፤ እኛም በከፊል እንስማማለን። ነገር ግን የሞቷን ዜና ሙሉውን ከጋዜጣው እንድናነብ ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ጋዜጣው ስለ እርስዋ የሚናገረው ዳፊ ስለ ራሱ በሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ የሚያበቃውም በአደጋው ማንም ጥፋተኛ እንዳልሆነ ገልጦ ነው።