ስማርት ሰዓትን ከኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት ረገድ የሚታየው የስያሜ መደባለቅ

ለአዲስ መሣሪያ የአማርኛ ስም ማውጣት የተለመደ ተግባር ሆኗል፤ መሣሪያው የሚያከናውናቸውን ድርጊቶች እርስ በርሳቸው ለይቶ መሰየም ግን እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጉድለት በአንድ ምሳሌ፣ ይኸውም ስማርት ሰዓትን ከኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት ሂደት እንመረምራለን። ምሳሌው ጥቃቅን ነገር ይመስል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የቃል መደባለቅ በሰው ጤና ላይ ሳይቀር ችግር ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ በታች እናሳያለን።

በልደታ ክፍለ ከተማ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫዎችና የስልክ ጥገና ቤቶች የሚነገረውን ስናዳምጥ ሦስት አነጋገሮች ይደጋገማሉ፤ እነርሱም «ፔር አድርገው»፣ «ኮኔክት አድርገው» እና «ሲንክ አድርገው» የሚሉት ናቸው። ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ ተናጋሪው ወደ አማርኛ እንዲመልሳቸው ሲጠየቅም ሦስቱንም «ማገናኘት» ይላቸዋል። ነገር ግን ሦስቱ የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሁለት መሣሪያዎች እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው። በብሉቱዝ ሥርዐት ሁለቱ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አኀዝ ያለው አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያሉ፤ ባለቤቱ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ሲያረጋግጥ የምስጢር ቁልፍ ይመሠርታሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። ይህ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነው። ሁለተኛው የተዋወቁት መሣሪያዎች በአንድ በተወሰነ ጊዜ መስመር ከፍተው መነጋገር መቻላቸው ሲሆን፣ ይህ ሲራራቁ ይቋረጣል፤ ሲቀራረቡም ይመለሳል። ሦስተኛው በተከፈተው መስመር መረጃ ተላልፎ የሁለቱ መዝገብ እንዲስማማ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን አያረጋግጥም።

የማያ ገጹ አቀራረብ ይህን ልዩነት ከማጉላት ይልቅ ይሸፍነዋል። አንድ ሰው ስማርት ሰዓቱን በዊንዶውስ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባ፣ ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን እንዳወቀው ይገልጽለታል፤ ባለቤቱም የእርምጃውና የእንቅልፉ መዝገብ ይከፈትልኛል ብሎ ይጠብቃል፤ የሚከፈት ነገር ግን የለም። በገመድ ሲሞክርም ሌላ ማሳሳቻ ይገጥመዋል። የብዙ ሰዓቶች ባለማግኔት ገመድ ኃይል እንጂ መረጃ አያስተላልፍም፤ ሆኖም የገመዱ ጫፍ ከኮምፒዩተሩ ሲሰካ ሰዓቱ የባትሪ ምስል ስለሚያሳይ፣ ባለቤቱ ግንኙነት የተፈጠረ ይመስለዋል። በሁለቱም ሁኔታ «አልተቻለም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል ቃል አይወጣም።

በመሠረቱ አብዛኞቹ ስማርት ሰዓቶች የተሠሩት ለስልክ ጥገኛ እንዲሆኑ ነው። አፕል ዎች ለአገልግሎት የሚዘጋጀው በአይፎን አማካይነት ነው። ጋርሚን ጋርሚን ኤክስፕረስ በተባለው ፕሮግራም በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር መረጃ ማለዋወጥን ይፈቅዳል። ፊትቢት ደግሞ ለኮምፒዩተር አዘጋጅቶት የነበረውን ፕሮግራም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አቁሟል። ስለሆነም «ሰዓቱ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ ሰዓቱ ዓይነት የሚለያይ ሲሆን፣ «ይገናኛል» የሚለው ግሥ ብቻውን ከሦስቱ ድርጊቶች የትኛውን እንደሚያመለክት አይለይም።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን ያሳተመው በ1989 ዓ.ም. ነው። የብሉቱዝ ማኅበር የተመሠረተው በ1990 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ለዚህ ጉዳይ መፍትሔ ከመዝገበ ቃላቱ አይጠበቅም። ክፍተቱን የሞሉት የስልክና የኮምፒዩተር ጽሑፎች ተርጓሚዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ድርጊት «አጣምር» የሚለው ቃል በስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ ይገኛል። በእኛ አስተያየት ቃሉ የተሳካ አይደለም። የሥነ ልሳን ሰዎች «ጥምር ቃል» የምንለው ሁለት ቃላት ተዋሕደው አንድ የሆኑበትን ነው፤ «ጥምር መንግሥት» ስንልም ሥልጣኑ በጋራ መያዙን እንገልጻለን። ሰዓትና ኮምፒዩተር ግን አይዋሐዱም፤ ይተዋወቃሉ እንጂ። ለሦስተኛው ድርጊት የሚያገለግለው «ማመሳሰል» ደግሞ ማን ማንን እንደሚመስል አይናገርም።

አቅጣጫው አለመነገሩ የሚያስከትለውን ጉዳት የሰዓት አቈጣጠራችን ያሳያል። ስማርት ሰዓት የእርምጃንና የልብ ምትን መዝገብ ወደ ስልኩ ይልካል፤ ጊዜን ግን ከስልኩ ይቀበላል። የእኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚጀምር፣ ጠዋት 2 ሰዓት በመሣሪያው ላይ 8፡00 ሆኖ ይታያል። ይህ ያስቸገረው ሰው፣ መሣሪያው ከፈቀደለት፣ በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የጠዋት መድኀኒቱን እንዲያስታውሰው 2፡00 ላይ ደወል ቢሞላና፣ ቈይቶ «አመሳስል» የሚለውን ቢነካ፣ ስልኩ የራሱን ጊዜ በሰዓቱ ላይ ይጭናል፤ ደወሉም መድኀኒቱ በሚወሰድበት ጠዋት መደወሉ ቀርቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮኻል። ሰውየው «አመሳስል» ሲባል ስልኩ ሰዓቱን እንዲመስል ያዘዘ መስሎት ነበር። በዚህ ላይ «ሰዓት» የሚለው ቃል ራሱ መሣሪያውንም ጊዜውንም ስለሚያመለክት፣ «ሰዓት ማስተካከያ» የሚል ጽሑፍ የቱን እንደሚያስተካክል ከዐውዱ እንጂ ከቃሉ አይታወቅም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እናቀርባለን። ለመጀመሪያው ድርጊት «ማስተዋወቅ»፣ ለሁለተኛው «ማገናኘት»፣ ለሦስተኛው «ማናበብ» ይሁን። «ማስተዋወቅ» ለንግድ ማስታወቂያም ያገለግላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም «ሰዓቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ማስተዋወቅ» ሲባል «ጋር» የሚለው ቃል አሻሚነቱን ያስወግዳል። «ማናበብ» በመሥሪያ ቤቶች መዝገብን ከመዝገብ ለማስማማት ከወዲሁ የሚነገር በመሆኑ ለተጠቃሚው እንግዳ አይሆንም። አቅጣጫ በሚያስፈልግበት ቦታ ግን ስሙ ብቻ አይበቃም፤ «ሰዓቱ ጊዜን ከስልኩ ይቀበላል» ተብሎ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። መሣሪያውን «የእጅ ሰዓት»፣ የሚያሳየውን ደግሞ «ጊዜ» ማለትም መደባለቁን ይቀንሳል።

ሁኔታን የሚገልጹ ቃላትም ጥንቃቄ ይሻሉ። «ተገናኝቷል» የሚለው ቅርጽ ዛሬ ያለውንም ግንኙነት፣ ቀድሞ ተፈጽሞ ያበቃውንም ሊያመለክት ይችላል፤ «ግንኙነት አለ» እና «ግንኙነት የለም» ከዚህ አሻሚነት ነጻ ናቸው። እንዲሁም «አጣምር»፣ «አመሳስል» የሚሉት ትእዛዛዊ ቅርጾች አንባቢውን በወንድ ጾታና በ«አንተ» ደረጃ ይጠሩታል። እንግሊዝኛው ጾታም ክብርም ስለማይለይ ተርጓሚው ችግሩን ላያስተውለው ይችላል፤ በልደታ የጡረታ ዘመናቸውን የሚያሳልፉ እናት ግን ያስተውሉታል። «ማስተዋወቅ»፣ «ማናበብ» የሚሉት ዘር ስሞች ከዚህ ችግር ያድኑናል።

ቃል መተካት የአቀራረብን ጉድለት አያድንም የሚል ሊኖር ይችላል፤ እውነት ነው፤ መረጃ የማያስተላልፍ ገመድ በጥሩ አማርኛ ቢሰየምም መረጃ አያስተላልፍም። ነገር ግን ጥሩ አማርኛ ባለቤቱ በከንቱ ከመድከም እንዲድን፣ ጥፋቱም የእርሱ አለመሆኑን እንዲያውቅ ይረዳዋል። ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርብላቸው ከገጹ የተነጠለ የቃላት ዝርዝር ነው፤ አዝራሩን ሳያዩ የአዝራሩን ስም ይጽፋሉ። ስለዚህ ቃሉ ከመጽደቁ በፊት መሣሪያው በእጅ ተይዞ ይፈተን። ለአንድ ተራ ተጠቃሚ ጽሑፉ ይነበብለትና፣ ሳይነካው በፊት ምን እንደሚሆን ይጠየቅ። መልሱ መሣሪያው ከሚያደርገው ጋር ካልገጠመ፣ ቃሉ እንደገና ይታይ።