«ብርቅ» ስለ ተባሉት አይሶቶፖች፤ አጭር ሂስ

በክፍላችን በሚነበቡት ማስታወሻዎች ውስጥ፣ በቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ የሚገኙት አይሶቶፖች «ብርቅ» ይባላሉ። በዚህ ቃል ላይ ጥቂት አስተያየት ለመስጠት እንወዳለን። ቃሉ ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን አንባቢውን ወደማይገባ መንገድ ይመራዋል።

ብርቅ ሲባል በልባችን የሚመጣው ወርቅና ዕንቁ፣ በሣጥን ተቆልፎ የሚኖር ነገር ነው። እነዚህ ግን ሊቀመጡ አይችሉም፤ በምድር ላይ የማናገኛቸውም ዕድሜያቸው እጅግ ስላጠረ ነው። በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ በጀመረው ተቋም፣ የካልሲየም 48 ኒውክሊየሶች ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ ገደማ ደርሰው ከዒላማ ጋር ተጋጩ፤ ከስባሪው የሚፈለገው በማግኔት ተለይቶ ተለካ። ከዚህ የመጀመሪያ ሙከራ የተገኘውም ቀድሞ ያልታወቀ የአምስት አይሶቶፖች ግማሽ ዕድሜ ነው። እንግዲህ የምርምሩ ዋና ጥያቄ «ስንት ጊዜ ይቆያል?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለልደታ እንግዳ አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት 60 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታትም በአገሩ ሁሉ ብቸኛ ነበር። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ይኸውም ምንጩ ካልተለወጠ፣ 10 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጨረር ከ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በኋላ 20 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እንደ ዳዊት የደገምነው ቀመር፣ በደጅ ተራውን ለሚጠብቅ በሽተኛ የሰልፍ ርዝመት ነው።

በሌላ ወገን፣ የማፍጠኛው ምርምር በሽተኛን ነገ ይፈውሳል የሚሉትንም አንደግፍም። ኮባልት 60 የሚሠራው ኮባልት 59 በኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ኒውትሮን ሲቀበል ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የመፍረስ ሕግ ብቻ ነው። ሆኖም ይህን ሕግ ያልተረዳ የበጀት ሹም ምንጩ የሚለወጥበትን ዓመት አስቀድሞ ሊያቅድ አይችልም።

ስለዚህ በአማርኛ ስንጽፍ «ዕድሜ አጠር አይሶቶፖች» ብንል ይሻላል እንላለን። ስሙ እንደ ብርቅ አያጓጓም፤ ተማሪው ግን ሰዓቱን እንዲመለከት ያደርገዋል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።