ለማንበብ ቸር፣ ለመጻፍ ንፉግ

«ጋሼ፣ ማሽኑ 128 ጊጋባይት ራም አለው። ለመጻፊያ 512 ሜጋባይት ብቻ የፈቀዱለት ለምንድነው?» አለኝ አዲስ የተቀጠረው ልጅ። ሱሉልታ ውስጥ የድሮን ምስል እየገጣጠምን ካርታ በምንሠራበት ክፍል ነው። እኔ ሰርቨር ያልደረሰ ዳታ ክላየንት ላይ ሲከመር አልወድም።

ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ከሚሠራ ወዳጄ ጋር በዚህ ስንከራከር ኖረናል። «የተገዛ ራም ሥራ ፈቶ ማየት ያናድደኛል» ይላል። ለማንበቢያ ከሆነ እስማማለሁ። ከፋይል ማከማቻ ሲስተማችን ከሴፍ ተነቦ ራም ላይ የተቀመጠ ገጽ ቢጠፋ ዋናው ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ከርነሉም ሜሞሪ ሲያጥረው በቀላሉ ይጥለዋል። የምጣላው ከደርቲ ገጾች ጋር ነው፤ ፕሮግራሙ «ጻፍኩ» ብሎ ያለፈው፣ ሰርቨሩ ግን ገና ያላየው ዳታ።

ደርቲ ገጾች ከሜሞሪው ሊይዙ የሚችሉት ጣሪያ፣ ማለትም የሊኑክስ ደርቲ ሬሾ፣ ካልተነካ 20 በመቶ ነው። ይህ ማሽን ሥራ ባልበዛበት ጊዜ ጣሪያው 25 ጊጋባይት ይደርሳል ማለት ነው። በ1 ጊጋቢት መስመር፣ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ቢሄድ፣ ይህን ለማራገፍ ከ3 ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። ዩፒኤስ ደግሞ የተገዛው ለሰርቨሮቹ ነው፤ ክላየንቶቹ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ደህና ሆኖ ፋይሉ ይጎድላል።

ልጁን አስቀምጬ ፕሮክ ሥር ያለውን፣ የሜሞሪውን ሁኔታ የሚዘረዝረውን ሚምኢንፎ በየሰከንዱ አሳየሁት፣ የድሮውን ሬሾ መልሼ። ኮፒው 100 በመቶ ብሎ ሲያበቃ «ደርቲ» የሚለው ቁጥር ገና ብዙ ጊጋባይት ነበር፤ ከሥሩ ያለው «ራይትባክ» እየተንፏቀቀ ያራግፋል።

ሬሾውን ትቼ ጣሪያው በባይት የሚቀመጥበትን ደርቲ ባይትስ የምጠቀመው ለዚህ ነው። በመቶኛ የተቀመጠ ገደብ ራም በተጨመረ ቁጥር ሳይነግርህ ያድጋል። 512 ሜጋባይት በእኛ መስመር 5 ሰከንድ ገደማ ነው፤ የጀርባ ማራገፊያው 128 ሜጋባይት ላይ ይጀምራል። ደርቲ ገጽ ስንት ጊዜ ከቆየ በኋላ እንዲራገፍ የሚወስነውን፣ 3000 የሆነውን የኤክስፓየር ቁጥር፣ ማለትም 30 ሰከንዱን፣ ወደ 500 አወርደዋለሁ። ፋይል ሲስተሙ በሴፍ ፈንታ ላስተር ከሆነ፣ ማክስ ደርቲ የሚባለው ገደብ የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ኦኤስሲ፣ ማለትም ክላየንቱ ከአንድ ማከማቻ (ኦኤስቲ) ጋር ለሚገናኝበት ክፍል፣ ለብቻው ነው፤ በኦኤስቲዎቹ ብዛት ማባዛት ያስፈልጋል።

ወዳጄ «ፍጥነት አጣህ» ይለኛል። ያ ፍጥነት የራሙ እንጂ የመስመሩ አልነበረም። ዳታው ሰርቨር እስኪደርስ የሚያስጠብቀውን ኤፍሲንክን ራሱ የሚጠራ ፕሮግራም ቢኖረን ጥሩ ነበር፤ የምንጠቀምበትን ሶፍትዌር ግን ከፍተን ማስተካከል አንችልም።

በሱሉልታ ክረምት ሰማዩ ገልጦ ድሮን የሚበርበት ቀን ብርቅ ነው። ልጆቹ ጫንጮ መንገድ ዳር ጭቃ ውስጥ ቆመው ደመናው እስኪነሳ ይጠብቃሉ። ማታ ካርዱን ያመጣሉ፣ ይገለበጣል፣ ለነገ በረራ ይጠረጋል። ካርዱ የተጠረገው ኮፒው 100 በመቶ ስላለ ብቻ ከሆነና ዳታው ሰርቨር ሳይደርስ መብራት ከሄደ፣ ያ ምስል የሚመለስበት መንገድ የለም። ይህን ሥራ የምወደው የሰው ልፋት በእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ላይ ስለሚያርፍ ነው። ልጁ በበኩሉ በኮፒ ስክሪፕቱ ውስጥ ከመጥረጊያው መስመር በፊት ደርቲውን ሁሉ የሚያራግፈውን ሲንክ አስገብቷል፤ ሲንኩ ሳያልቅ ካርድ አይጠረግም።