ጅብ ከሄደ በኋላ፦ ስለ ሆረር ፕሪኩዌሎች እና ስለ «ፐርል» ቀለማት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለሆረር ፕሪኩዌሎች የተተረተ ይመስላል። ፕሪኩዌል ማለት ያው የምናውቀው ታሪክ ከመጀመሩ በፊት የሆነውን የሚነግረን፣ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ፊልም ነው። እኛ ፈርተን ጨርሰናል። ፊልሙ ደሞ ከዓመታት በኋላ መጥቶ ጅቡ የት እንደተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ለምን እንደከፋ ሊያስረዳን ይቀመጣል። ልጆች ሆነን «አያ ጅቦ መጣልህ!» ሲሉን ግን አንዳችንም የአያ ጅቦን የሕይወት ታሪክ አልጠየቅንም። ጠይቀን መልስ ቢሰጠን ኖሮ ፍርሃቱ እዚያው ያበቃ ነበር።

(ከዚህ በታች የፊልሞቹ መጨረሻ ይነገራል። ዓመቶቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጆን ካርፔንተርን «ዘ ቲንግ» (1982) እንውሰድ። አሜሪካውያኑ አንታርክቲካ ላይ የተቃጠለ የኖርዌጂያኖች ካምፕ ያገኛሉ። በር ላይ የተሰካ ደም የነካው መጥረቢያ አለ። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በረዶ የሆነ ሬሳ አለ። እዚህ ምን እንደተፈጠረ የሚነግረን ሰው የለም፤ የምናየው ትርፍራፊውን ብቻ ነው። የቀረውን የሚሠራው የራሳችን ጭንቅላት ነው፤ እሱ ደሞ ከየትኛውም የሜካፕ ባለሙያ ይበልጣል። በ2011 ማቲያስ ቫን ሄይኒንገን ጁኒየር ያንኑ ስም የያዘ ፕሪኩዌል ሠርቶ የካምፑን ታሪክ ተረከልን። መጥረቢያው በሩ ላይ እንዴት እንደቀረም አሳየን። እሺ፣ አወቅን። ከዚያስ? ፊልሙ እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ እያንዳንዱን ዕቃ ቆጥሮ አስረከበን እንጂ አንድም አዲስ ፍርሃት አልጨመረልንም።

«ኤሊየን» (1979) ላይም የደረሰው ይኸው ነው። ወንበሩ ላይ የደረቀ ግዙፍ ፍጡር አለ፤ ደረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ፈንድቷል። ማን ነው? መልስ የለም። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ራሱ በ2012 በ«ፕሮሚቲየስ» ተመልሶ መጣና አጥንት የመሰለን ነገር ልብስ እንደሆነ፣ ውስጡም እኛን የሚመስል ነጭ ግዙፍ ሰው እንዳለ ነገረን። ፊልሙ ሲያዩት ያምራል፣ አልክድም። ግን ጠፈሩ ባንዴ ጠበበ። ባዕድ የነበረው ፍጡር ዘመድ ሆኖ ቁጭ አለ።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ማብራሪያ የሚመጣው ምስሉ ራሱ በጨለመበት ዘመን ነው። የዛሬ ሆረር ፊልሞችን አንድ ላይ ብትደረድሯቸው ብዙዎቹ መንታ ይመስላሉ፦ ግራጫ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ቀመስ ሌሊት፣ ጠቆር ያለ ግን በደንብ ያልጠቆረ ጥግ። አንዱ ምክንያት የመሣሪያ ነው። የድሮው ፊልም ጥቅል ብርሃን ይፈልግ ነበር፤ ለሌሊት ትዕይንት እንኳን አንድ ሰው መብራት መስቀል፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ መወሰን ነበረበት። ስለዚህ ጨለማው ቅርጽ ነበረው። ዲጂታል ካሜራ ግን በትንሽ ብርሃን ያያል፤ ቀለሙም ከቀረጻ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሊቀየር ይችላል። ጨለማ ረከሰ። በዚያ ላይ ቪዲዮ ሲጨመቅ ቶሎ ከሚበላሹት ነገሮች አንዱ የጨለማው ዝርዝር ነው። ከቴሌግራም ያወረድነውን ፊልም ቀን፣ ታክሲ ውስጥ፣ በስልካችን ስናይ ስክሪኑ ላይ ከጭራቁ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የራሳችን ፊት ነው።

ታሪኩን አብርቶ ምስሉን ማጨለም፦ የዘመኑ ፎርሙላ ይሄ ከሆነ፣ የታይ ዌስት «ፐርል» (2022) ተገልብጦ የተሠራ ፊልም ነው።

«ፐርል» የ«ኤክስ» ፕሪኩዌል ነው። ሁለቱም በዚያው ዓመት ወጡ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ተከታትለው ተቀረጹ። «ኤክስ» በ1979 ቴክሳስ ውስጥ የወሲብ ፊልም ለመሥራት አንድ እርሻ ላይ ቤት ስለተከራዩ ወጣቶች ነው። የእርሻው ባለቤቶች ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዋናዋ ገዳይም አሮጊቷ ፐርል ናት። ሚያ ጎት ዋናዋን ወጣት ማክሲንንም፣ በከባድ ሜካፕ ተሸፍና አሮጊቷንም ትጫወታለች። እዚህ ላይ «ኤክስ» የሚያሳፍር ነገር አለው፤ የሚያስፈራራን በእርጅና ነው። የተሸበሸበ ቆዳ፣ የሳሳ ፀጉር፣ ዛሬም መነካት የሚፈልግ ገላ። አሮጊቷ ማክሲን አልጋ ላይ ገብታ ስትተኛ ሲኒማ ቤቱ «ውይ!» ይላል። የጮኸው ግን ቢላዋ አይቶ አይደለም። ያየው ያረጀች ሴት ነው።

ፕሪኩዌሉ ወደ 1918 ይወስደናል። ወረርሽኙ ገብቷል፤ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ያው ነው። ሰዉ አፉን ሸፍኖ ይሄዳል። ባሏ ሃዋርድ ጦርነት ላይ ነው። ጀርመናዊቷ እናቷ ኮስታራ ናት፤ አባቷ አካሉ አይታዘዝለትም። ፐርል ደሞ ፊልም ላይ መደነስ ትፈልጋለች፣ በቃ። ያን ያረጀ ቤት አሁን አዲስ ቀለም ተቀብቶ እናየዋለን። ሳሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ደሙ ከከረሜላ የቀላ። ካሜራው ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝን (1939) የመሰሉ የቴክኒከለር ፊልሞችን እያስታወሰ ነው የሚሄደው። ግን ልብ በሉ፦ በ1918 ፐርል ከተማ ሲኒማ ቤት የምታየው ድምፅ አልባ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ይህ ቀለም በእሷ ዘመን የለም። እርሻዋን የምናየው እሷ ልትገባበት በምትመኘው፣ ገና ባልተፈጠረ ሲኒማ ዓይን ነው። የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ በንግግር ሳይሆን በቀለም የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ነው ፐርል ሕልሟን ደጋግማ በአፏ ስትነግረን ትርፍ የሚሆነው፤ የፊልሙ መሃል በዚህ ይጎተታል።

ታዲያ «ፐርል»ስ ያው ማብራሪያ አይደለም ወይ? ክፉ እናት፣ ድህነት፣ ወረርሽኝ፣ የከሸፈ ሕልም... ያለቀለት የምክንያት ዝርዝር አይመስልም? ይመስላል፤ ግን ፊልሙ ራሱ አያምንበትም። የባሏ እህት ሚትሲ በዚያው ዘመን፣ በዚያው በሽታ መሃል ትኖራለች፤ ማንንም አልገደለችም። ፐርል ለሚትሲ ልቧን በምትከፍትበት ረጅም ትዕይንት ካሜራው ለደቂቃዎች ከፊቷ አይነሳም። የምትናዘዘው ምክንያቷን ሳይሆን ውስጧ የጎደለ ነገር እንዳለ ራሷም እንደምታውቅ ነው፤ ፈርታዋለች። ከዚያ እዚህም መጥረቢያ ይመጣል። ግን እንደ 2011ዱ «ዘ ቲንግ» ዕዳ ለመዝጋት የመጣ አይደለም። ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ ወለል ብሎ እየታየ፣ መደበቂያ በሌለበት ይፈጸማል። ሁሉን አየን፤ ግን ምኑም አልገባንም። ከጨለማ የበለጠ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

«ዘ ፈርስት ኦመን» (2024) በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ይሞክራል። በ1976ቱ «ዘ ኦመን» የዴሚየን እናት መቃብር ሲከፈት የተገኘው የቀበሮ አጽም ነበር፤ እናቲቱ ሰው መሆኗ እንኳን አልታሰበም። አርካሻ ስቲቨንሰን ያን መቃብር የዘለለችው አይመስለኝም። እናትየዋን ማርጋሬት ብላ፣ ፊትና ድምፅ ሰጥታ፣ ሰውነቷ ላይ ሌሎች ሲወስኑባት አሳየችን። መድረሻው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ፊልሙ ይጨናነቃል። ሆኖም ከዚያ በኋላ የድሮውን ፊልም ስናይ ያ መቃብር ሌላ ነገር ይነግረናል።

መለኪያው ይኸው ነው እላለሁ። ደካማ ፕሪኩዌል የመጀመሪያው ፊልም ሆን ብሎ የተወውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ጥሩው የመጀመሪያውን ፊልም ያየንበትን ዓይን ይለውጣል። «ፐርል» ሲያልቅ ሃዋርድ ከጦርነት ይመለሳል፤ የበሰበሰ አሳማ የቀረበበት ገበታና በዙሪያው የተቀመጡ ሬሳዎች ይጠብቁታል። ፐርል ፈገግ ትላለች፤ የሠራተኞቹ ስም ስክሪኑ ላይ እያለፈ ፈገግታው ይቀጥላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ለቅሶ ይጠጋል። ካሜራው አይቆርጥላትም።

ስለዚህ ምክሬ፦ «ፐርል»ን አስቀድማችሁ አትዩ። መጀመሪያ «ኤክስ»ን እዩ፣ ከዚያ «ፐርል»ን፣ ከዚያ ተመልሳችሁ «ኤክስ»ን፤ በተለይ አሮጊቷ አልጋው ላይ የምትወጣበትን ትዕይንት። እንደ መጀመሪያው ቀን «ውይ!» ማለት ይከብዳችኋል።