«ሬይን ማን» ያሳየንና ያላሳየን

የስቴኪኒ ፓኬት ወለል ላይ ይበተናል። ሬይመንድ አንዴ አየት ያደርገውና 246 ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የባሪ ሌቪንሰን ፊልም «ሬይን ማን»ን ያያችሁ ይህቺን ትዕይንት አትረሷትም። ፊልሙ አራት ኦስካር ወስዷል፤ ብዙ ሰውም ስለ ሳቫንት ሲንድረም የሰማው በእሱ ነው። ሳቫንት የሚባለው ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የአንጎል ጉዳት እያለበት በትውስታ፣ በስሌት፣ በሙዚቃ ወይም በሥዕል የሚያስደንቅ ችሎታ ያለው ሰው ነው።

ለእኔ ግን ምርጧ ትዕይንት ሌላ ናት። ሐኪሙ 312 በ123 ሲባዛ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሬይመንድ ወዲያው 38,376 ይላል። የቸኮሌት ዋጋስ? መቶ ዶላር ገደማ። የመኪናስ? እሱም መቶ ዶላር ገደማ! ችሎታና ችግር አንድ ሰው ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ደስቲን ሆፍማን በሁለት ደቂቃ ያሳየናል።

ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ወንድሙ ቻርሊ ሬይመንድን ላስ ቬጋስ ወስዶ በእሱ ትውስታ ካርታ ተጫውቶ ብር ያፍሳል፤ እኛም አብረን እንደሰታለን። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ኦቲዝም ያለበት ሁሉ ውስጡ የተደበቀ ሊቅ አለ ብሎ አመነ። በእውነቱ ግን አብዛኞቹ ሳቫንት አይደሉም፤ ሳቫንቶችም ሁሉ ኦቲዝም የለባቸውም።

ለፊልሙ መነሻ የሆነውን አሜሪካዊውን ኪም ፒክን ተመልከቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በቃሉ ይዞ ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ግን ይቸግረው ነበር። የአንጎሉን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ትልቁ የነርቭ ድልድይ፣ ኮርፐስ ካሎሰም፣ ከተወለደ ጀምሮ አልነበረውም። ምስጢሩ ይሄ ነው እንዳትሉ፤ ያለዚህ ድልድይ የሚወለዱ ሌሎች ሰዎችም አሉ፣ አብዛኞቹ ግን እንደ ኪም ያለ ትውስታ የላቸውም።

«ታዲያ እኛስ ውስጥ የተቆለፈ ኪም ይኖር ይሆን?» ትሉ ይሆናል። የአንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ ነው የምንጠቀመው የሚለው ወሬ ውሸት ነው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከምናወጣው ጉልበት 20 በመቶ ገደማ ይበላል። ሥራ ለፈታ ዕቃ ሰውነታችን ይህን ያህል ቀለብ አይሰፍርም። የኪም አንጎል የእኛው ተከፍቶ ሳይሆን፣ ከመነሻው በሌላ መንገድ የተሠራ ነበር።

ፊልሙ የሚያልቀው ሬይመንድ ወደሚኖርበት ተቋም ሲመለስ ነው። ኪምንም ሕፃን ሳለ ተቋም አስገቡት ተብሎ ነበር። ወላጆቹ እምቢ ብለው ቤታቸው አሳደጉት። ከፊልሙ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪሞት ድረስ ከአባቱ ጋር እየተዘዋወረ ከብዙ ሰው ጋር ተዋወቀ። አባቱ ልብሱን ያለብሰው፣ ጸጉሩን ያበጥርለት ነበር። ካዚኖ የለበትም እንጂ፣ እኔን ቢጠይቁኝ መቀረጽ የነበረበት ይሄኛው ታሪክ ነው።

ፊልሙን እዩት፣ ጥሩ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካለ ግን ስቴኪኒ ቁጠር አትበሉት። ምንም የተለየ ችሎታ ባይኖረውም ጓደኛ ያስፈልገዋል።